ቃሉን ከአፏ አትቀሟት

የከድርን ሞት የሰማሁት በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ከላዩ የሥልጠና ጥሪ፣ ከታቹ ስለ ስብሰባ የተለጠፈ ቀልድ አለ። በመሀላቸው አንድ የቡልቡላ መምህር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ባልደረባችን መምህር ከድር ዛሬ ጠዋት ወደ አኼራ ሄዷል። ቀብሩ ከዐስር ሶላት በፊት ይፈጸማል።» እኔ ስልኬን የከፈትኩት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። አዳማ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር ሳርም እሱ አፈር ለብሷል።

ሰዉ የሚጽፈውን ማየት ጀመርኩ። «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ይዘንለት»፣ «ምን ሆኖ ነው?»፣ «ስኳር ነበረበት አሉ»። አብዛኞቹ መልኩን እንኳን አያውቁትም። የማውቀው እኔ ግን አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ እኔም እንደ ሰው «ነፍስ ይማር» ብዬ ላክሁ። ሁለት ሰዎች የልብ ምልክት ሰጡኝ። በራሴ እንደዚያ ያፈርኩበት ሌላ ቀን ቢኖር አንድ ነው፤ እሱንም ከድር ያውቀው ነበር።

ከድርና እኔ አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አብረን እንግሊዝኛ አስተምረናል። እኔ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ነበርኩ። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ኃላፊ የሆንኩት ከሌሎቹ በልጬ ሳይሆን ሪፖርት መጻፍ ስለማይታክተኝ ነው። ከድር በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እንደመጣሁ ሰሞን አንቱ ስለው፣ «ስማ ግርማ፣ አንቱ የምትለኝ ከሆነ ምርኩዝም አብረህ አምጣልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ «ጋሽ ከድር» እያልኩ አንተ ማለት ለመድኩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ነጭ ጋዋኑ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ኪሱ ግን በጠመኔ ስብርባሪ እንደተሞላ ነው። ሌላው መምህር የሚጥለውን ጠመኔ እየለቀመ ነበር የሚያስተምረው። ሲናደድ አይጮህም፣ አይሳደብም። ዞሮ የጸዳ ሰሌዳ ያጸዳል። ተማሪዎቹ ያውቁበታል፤ ዳስተሩን ካነሳ ክፍሉ እረጭ ይላል።

አባቱ ከወሎ የመጡ ነጋዴ፣ እናቱ የአርሲ ሴት ነበሩ። ያደገው አርሲ ነገሌ፣ እህል ገበያው አጠገብ ነው። በአማርኛ የጀመረውን ወሬ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። ነገር ከተስማማው «ቶሌ» ይላል፣ እሺ ማለቱ ነው። ካልተስማማው ዝም። በስድስት ዓመት ውስጥ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም መስኮት ይከፈት ለማለት።

እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ ንባብ እንዴት እንደሚሰጥ ለማያውቅ ልንገረው። መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነብባል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይከተለዋል። ደግሞ ያነብባል፣ ደግሞ ይከተሉታል። በሦስተኛው አንድ ደፋር ይነሳና ለብቻው ይወጣዋል። ከተደናቀፈ ስድሳ ሰው ቃሉን ይጮህለታል። ይጨበጨባል፣ ይደወላል፣ እንወጣለን። እኔ ራሴ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ያስተማርኩትም እንዲሁ። ክፉ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ከድር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሻዩን አላማሰለም።

«ግርማ፣ አንዷን ተማሪ አስነበብኳት።»

«እሺ።»

«ጥሩ አነበበች። መሀል ላይ ግን ገጹን ገለጥኩባት።»

«ምን አድርጋህ?»

«እንጃ፣ አፏ ይሄዳል፣ ዓይኗ ግን ቆሟል። ገለጥኩባት። አላቆመችም እኮ! ጣቷ አዲሱ ገጽ ላይ እየሄደ፣ የፊተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው ወጣችው።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ያስቃል። «ጭንቅላቷ ጥሩ ነው ማለት ነዋ» አልኩት።

«ዘጠነኛ ክፍል ናት ግርማ። አንድ ቃል ማንበብ አትችልም። ወላሂ አንድ ቃል።» ሻዩን ሳይጠጣው ተነሳ።

ልጅቷ ለሊሴ ትባላለች። ከአርሲ ነገሌ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ አዳማ ከአክስቷ ጋር የምትኖር፣ ዝምተኛ፣ የደብተሯን ጠርዝ በፕላስተር የምትለጥፍ ልጅ ናት። እኔም አንድ መንፈቅ አስተምሬያታለሁ። «ጎበዝ አንባቢ» ብዬ ካርዷ ላይ ጽፌላት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ከድር ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር። መጽሐፉን ይሰጣቸውና ከመጨረሻው ቃል ተነስተው ወደ ኋላ እንዲያነቡ ያዛቸዋል። ወደ ኋላ የሸመደደ ሰው የለም። ማንንም አላሳፈረም፣ የማንንም ስም ለሌላ አልተናገረም፤ ወረቀት ላይ ምልክት ብቻ ያደርጋል። ሲጨርስ አንዲትም ቃል ያልወጣቸው አርባ ልጆች ሆኑ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ ተምረው በየዓመቱ አልፈው የመጡ ልጆች ናቸው። ያሳለፍናቸው እኛ ነን።

ወረቀቱን ይዞ ዳይሬክተሩ ጋ ገባ። እኔንም አስከተለኝ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚፈሩት ሰው የበዛባቸው ሰው ነበሩ። ከድር ከጠዋቱ ሰልፍ በፊት አንድ ሰዓትና አንድ ክፍል እንዲሰጡት ለመናቸው።

«ክፍል የት አለና?» አሉት። ቆይተው ግን፣ «የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ውሰደው። ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ግን ውጤት አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ክፍሉን ለኮምፒውተር እፈልገዋለሁ።»

«ቶሌ» አለ ከድር።

በማግስቱ የተቀደዱ ኳሶችና የመረብ ኳስ እንጨቶች ወደ ጥግ ተገፉ። አርባ ልጅ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እዚያ ይገባል። ማስተማሪያ መጽሐፉን ተወውና ራሱ ጻፈላቸው። ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በትልልቁ፣ ስለ ባጃጅ፣ ስለ ሽንኩርት ጫኝ፣ ስለ አዳማ ነፋስ። አራት መስመር፣ አምስት መስመር። ነገ ሌላ አራት መስመር፣ እንዳይሸመደድ። መምህራኑ ወሬውን ሲሰሙ ጨዋታ ተገኘ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ ልጆቹን «የከድር እንቁላሎች» አሏቸው። «ጋሽ ከድር፣ ዛሬስ ስንት ተፈለፈለ?» ይሉታል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው የሚስቅልኝ ነገር ስናገር ደስ ይለኝ ነበር።

እንደ ኃላፊነቴ ልታዘብ አንድ ጠዋት ገባሁ። ከኋላ ኳስ ላይ ተቀመጥኩ። ለሊሴ ተነስታ ታነብባለች። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ያዛት። ወዲያው ሦስት አራት ድምፅ ከግራና ከቀኝ ሊነግራት ተነሳ።

«ተዉ!» አለ ከድር። «ቃሉን ከአፏ አትቀሟት።»

ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጽሑፉን አያይም፣ አፏንም አያይም፤ ዓይኗን ነው የሚያየው። ዓይኗ ፊደሉ ላይ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ውጭ ባጃጅ ያናፋል። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ። ለአንድ ቃል አራት ደቂቃ! በአራት ደቂቃ እኔ አንድ ገጽ አስነብባለሁ። ከዚያ ቃሉ ከአፏ ወጣ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ግን የራሷ ሆኖ። ከድር በጣም ጥሩ አላላትም፣ አላስጨበጨበላትም። «ቀጥዪ» አላት ብቻ።

ከእነዚያ ልጆች ግማሾቹ የመጀመሪያ ደረጃን በኦሮምኛ የተማሩ ናቸው። ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል፤ ፊደሉ እንደ እንግሊዝኛው ነው፣ የአንዳንዱ ፊደል ድምፅ ግን ለየቅል ነው። ይህን በወጉ የነገራቸው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን አብዲ የሚባል ልጅ የድመት ሥዕል ያለበትን ገጽ ይዞ ቆመ፣ ከሥሩ የተጻፈችውን «ካት» የምትል አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ትኩር ብሎ አየና፣ የመጀመሪያዋን ፊደል እንደ ቁቤው «ጭ» አድርጎ «ጫት» ብሎ አነበባት። ድመቲቱ ከሥዕሉ ላይ ታየዋለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ከድር ዳስተሩን አነሳ። ጸጥ ሲሉ፣ «ማን ነው የሳቀው?» አለ። «እናንተ ሥዕሉን አይታችሁ ድመት ትሉ ነበር። እሱ ሥዕሉን አላመነም፤ ፊደሉን አየ። ዛሬ ከዚህ ክፍል ያነበበ አብዲ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የሸመደደ ሰው እንዲህ አይሳሳትም ግርማ። ይህን ስህተት ስጠብቅ ነው የከረምኩት።» የፊደሏን የእንግሊዝኛ ድምፅ አብዲን በጆሮው ነገረው። አብዲ ደግሞ አነበባት። በሁለተኛው ድመት ሆነች።

በዚያው ሰሞን ለሊሴ ሦስት ቀን ቀረች። ከድር ቤቷን አጠያይቆ እኔን ይዞኝ ሄደ። አክስቷ ልጅቷን ወደ ዓረብ አገር ለመላክ ፓስፖርት አስወጥተው ጨርሰዋል። በር ላይ ቆመው ነው ያነጋገሩን።

«እርስዎ መምህሯ ነዎት፤ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ዘጠኝ ዓመት ቀለም ቆጠረች። ምን አወቀች?»

ማንም መምህር በዚህ ጊዜ ይዋሻል። እኔ ብሆን ኖሮ «ጎበዝ ናት» እላለሁ፤ ካርዷ ላይም ብያለሁ። ከድር ግን፣ «ምንም አላወቀችም» አላቸው። «ጥፋቱ የኛ ነው። አሁን ጀምራለች። እስከ ክረምት ይታገሡኝ።»

ሴትየዋ እንዲህ ያለ መልስ የጠበቁ አይመስለኝም። «እስከ ክረምት» አሉ። «ያኔም ያው ከሆነች ግን እንጀራዋን ትፈልግ።»

ለሊሴ ተመለሰች። በሚያዝያ አይታው የማታውቀውን ገጽ አራት መስመር ታነብ ነበር። በዝግታ ነው፤ እንደ ሸክም ተሸካሚ እያረፈች ነው፤ ግን ታነባለች። አንድ ጠዋት እየሮጠች መጣችና፣ «ቲቸር! ባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አነበብኩት!» አለችው። «ምን ይላል?» ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። «ስድብ ነው ቲቸር።» ከድር ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ ሱፐርቪዥን ሊመጣ እንደሆነ ተደወለ። የንባብ ችሎታ ይታያል፣ ጽሑፉን ትምህርት ቤቱ ያዘጋጅ ተባለ። ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ነው። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አንድ ገጽ ጻፍኩና እንደ ልማዳችን ከሦስት ቀን በፊት ለየክፍሉ በተንኩት። «ዝግጅት» ነው የምንለው። ማንም ማታለል አይለውም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደመጥረግ ያለ ነገር ነው። የከድርን ድርሻም ወሰድኩለት። አየው፣ አራት ላይ አጠፈውና ኪሴ ውስጥ መለሰልኝ።

«የኔዎቹ በቀኑ ያዩታል።»

«ጋሽ ከድር፣ ሁሉም ወስዷል እኮ። ያንተ ልጆች ብቻ ሊዋረዱ ነው?»

«ማንበብ ይችላሉ ግርማ። በዝግታ፣ ግን ይችላሉ። ይህን ከሰጠኋቸው የቻሉት ማንበብ ይሁን መሸምደድ ነገ እነሱም አያውቁትም።»

ሁለት ሰዎች መጡ። መጀመሪያ የእኔን ክፍል አዩ። ልጆቼ ተራ በተራ እየተነሱ እንደ ቧንቧ ውሃ አፈሰሱት። ዓይናቸው የት እንዳለ አይቻለሁ፤ ከድር ማየት አስተምሮኛልና። ግማሹ ጣሪያውን፣ ግማሹ የሰዎቹን ጫማ ነበር የሚያየው። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ዕቃ ማስቀመጫው። አብዲ ጀመረ፣ ሁለት ቦታ ተሳሳተ፣ አንዱን ራሱ አረመ። ማንም አላስተዋለለትም። ለሊሴ ተነሳች። የመጀመሪያውን መስመር ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ አንድ ረጅም ቃል ያዛት። ከድር ዓይኗን እያየ ነው። እኔም አየኋት፤ ዓይኗ እየሄደ ነበር፣ የቃሉ ወገብ ላይ ደርሳ ነበር። ትንሽ ብትጠበቅ ይወጣላት ነበር። ከሰዎቹ አንዱ ሰዓቱን አይቶ ቃሉን ጮክ ብሎ ነገራት። «ተቀመጪ፣ በቃ» አላት።

ለሊሴ ከድርን አየችው። ከዚያ ተቀመጠች።

«ዘጠነኛ ክፍል ነው ይሄ?» አለ ሌላኛው።

ከድር እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ። «ሌላ ገጽ ስጧቸው» አለ። «ለሁለቱም ክፍል። ከመጽሐፉ ደስ ያላችሁን ገጽ ክፈቱና የመምህር ግርማንም ልጆች፣ የኔንም ልጆች አስነብቧቸው። ሌላ ምንም አልልም።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «ያስፈልጋል እንዴ? የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አንተ ነህ።» ዳይሬክተሩ አዩኝ። ከድርም አየኝ። አርባውም ልጅ አየኝ። «አዎ» ብል ልጆቼ ጸጥ እንደሚሉ፣ የእሱ ልጆች ደግሞ እየተንፏቀቁ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ዝም እንኳን አላልኩም።

«ሰዓቱም ሄዷል» አልኩ። «ምሳም ታዟል።»

ከድር ዞረና ሰሌዳውን ማጽዳት ጀመረ። ምንም አልተጻፈበትም ነበር።

ጥብሱን በላሁ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። በልቼ፣ ተጫውቼ፣ ሰዎቹን መኪናቸው ድረስ ሸኝቼ ተመለስኩ። ሪፖርቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «በመደበኛ ክፍሎች የታየው የንባብ ክህሎት እጅግ አበረታች ሲሆን፣ በልዩ ክፍሉ የታየው ግን ከሚጠበቀው በታች ነው።» ፈረምኩ። ከሳምንት በኋላ ኳሶቹ ወጡ፣ ኮምፒውተሮቹ ከነካርቶናቸው ገቡ። እስከማውቀው ድረስ ካርቶኖቹ አልተከፈቱም።

ለሊሴ ከዚያ ቀን ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከድር ሄዶ አክስቷን አገኛቸው። ክረምት አልደረሰም፣ አንድ ወር ይቀራል ብሎ ለመናቸው። «እኔማ ልታገሥ ነበር» አሉት ሴትየዋ። «እሷ ናት እምቢ ያለችው። 'ትልልቅ ሰዎች መጥተው አትችይም አሉኝ' ብላ ራሷ ቦርሳዋን አሰረች።» ለሊሴ በሰኔ ሄደች። አክስቷ «መጀመሪያ ሰሞን ደውላልኝ ነበር» ይላሉ፤ ቆይቶ መደወሉም ቀረ። የት አገር፣ ማን ቤት እንዳለች ዛሬ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

በመስከረም የከድር ደብዳቤ መጣ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ቡልቡላ ተዛውሯል። ቅልጥፍና! እሱ በሕይወቱ አንድ ነገር አቀላጥፎ የማያውቅ ሰው። ሊሰናበተኝ ቢሮዬ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ፈራሁ፤ ይሰድበኝ ዘንድም ተመኘሁ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «አትጨነቅ ግርማ፣ አንተ አዎ ብትልም ሰዎቹ ምሳቸውን አይተዉም ነበር» አለኝ። የሰጠኝ ምሕረት ይህ ነው። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ዓመት አላየሁትም። ደውዬለትም አላውቅም። ከዚያ ለፈተና አርሲ ነገሌ ተመደብኩና ስመለስ ቡልቡላ ላይ ወረድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ቃላቱን ስደረድር ነበር የመጣሁት፤ «ጋሽ ከድር፣ የዚያን ቀን የበደልኩት አንተን ብቻ አይደለም» ብዬ እንደምጀምር ወስኜ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም። ከአብጃታ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ ነጭ አቧራ ግቢው ውስጥ ይነዳል። የእሱን ክፍል ጠይቄ ሄድኩና ከመስኮቱ አጠገብ ቆምኩ፣ ትምህርት ላለማቋረጥ። አንዲት ልጅ እንግሊዝኛ ታነብባለች። እንዴት ያለ ንባብ ነው! አትደናቀፍ፣ አትንተባተብ። ደስታ አንገቴ ድረስ መጣ። አደረገው ማለት ነው፣ እኛ የከለከልነውን እዚህ አደረገው ብዬ አሰብኩ።

እሷ ተቀምጣ ሌላ ልጅ ተነሳ። ያንኑ ገጽ ነው። በዚያው ዜማ፣ በዚያው ፍጥነት። ልጅቷ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ እሱም ትንፋሽ ወሰደ። ሦስተኛ ተነሳ። እዚያው ቦታ ላይ ተነፈሰ። በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ ልጆቹን አየኋቸው። ዓይናቸው ቆሟል።

ከድር ከክፍሉ መጨረሻ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማንንም አያይም። አንዱ ልጅ ትንሽ ሲዘገይ ከድር ራሱ ቃሉን ወረወረለት፤ ልጁ ይዞት ሮጠ።

አየኝና ወጣ። «አካም ጅርታ ግርማ!» ብሎ አቀፈኝ። ከስቷል። ትከሻው በጋዋኑ ውስጥ እንጨት ሆኗል። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ አዳማ ሙቀት ጠየቀኝ። እኔ የደረደርኩትን ንግግር ፈለግሁት፤ ጠፋኝ።

«ጋሽ ከድር፣ የዚያን ቀን...»

«ተወው።» ወደ ክፍሉ በአገጩ አመለከተ። «ሰማሃቸው?»

«ሰማኋቸው።»

«ነገ ሱፐርቪዥን አለብን። ሳምንት ሙሉ ሠራንበት።»

«አንተ ራስህ?»

«እኔ ራሴ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ሐዘንም የለም፤ የሰዓት ፕሮግራም የሚነግረኝ ነበር የሚመስለው። «ለሊሴን እውነተኛውን አስተማርኳትና በሰው ፊት አቆምኳት። ምን እንዳገኘች አየህ። እነዚህን ማንም አያሳፍራቸውም። አልፈው ይሄዳሉ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት ጋሽ ከድር?»

ትንሽ ቆመን ልጆቹን ሰማናቸው። ከዚያ፣ ሲያስተምር እንደነበረው ፈገግ ሳይል፣ «ያንተን ክፍል አስታውሼ ነው ያሠራኋቸው» አለኝ። «አይመስሉም?»

«ይመስላሉ» አልኩት። ምን ልበለው፣ እውነት ነው።

ጨበጠኝና ተመልሶ ገባ። በሕይወት ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ወደ አስፋልቱ ወጥቼ የአዳማ መኪና ስጠብቅ የልጆቹ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። መኪናው እስኪመጣ ድረስ አንድም ልጅ አልተደናቀፈም።